የኤሲቲኤች የደም ምርመራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐኪም የአድሬናል ዕጢ ችግር ሲጠረጥር ከሚያዛቸው የሆርሞን ምርመራዎች አንዱ ኤሲቲኤች ነው። አብዛኛው ሰው ውጤቱን እንደተቀበለ የሚያየው ከቁጥሩ ጎን «ከፍተኛ» ወይም «ዝቅተኛ» የሚል ምልክት መኖር አለመኖሩን ነው። በዚህ ምርመራ ላይ ግን ምልክቱ ለብቻው ብዙም አይናገርም። አንድ ዓይነት ቁጥር አንዱን ሰው ጤነኛ፣ ሌላውን ታማሚ ሊያሰኝ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጡት አብሮ የተለካው ኮርቲሶል፣ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት እና ሰውየው የሚወስደው መድኃኒት ናቸው። ከታች ያሉት መልሶች ዞረው ዞረው እነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ይመጣሉ።

ኤሲቲኤች ምንድን ነው?

ከአንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ ዕጢ ወደ ደም የምትለቀው ሆርሞን ነው። ሙሉ ስሙ አድሬኖኮርቲኮትሮፒክ ሆርሞን ነው፤ በሙሉ ስሙ የሚጠራው ሰው ግን እምብዛም የለም። ዋና ሥራው አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል እንዲያመርቱ ማዘዝ ነው።

አድሬናል ዕጢዎች ሁለት ናቸው። በየኩላሊቱ አናት ላይ አንድ አንድ አሉ። እያንዳንዳቸው ቢመዝኑ ከ4 እስከ 5 ግራም ገደማ ነው። ከእነሱ የሚወጣው ኮርቲሶል ግን የደም ግፊትን፣ የደም ስኳርን፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም፣ ሁሉንም ይነካል። ጨርሶ ከጠፋና ካልተተካ ሰው አይኖርም።

ግንኙነታቸውን እንደ አለቃና ሠራተኛ ይዩት። አለቃው ፒቱታሪ ነው፤ ትእዛዙ ኤሲቲኤች፤ የሚወጣው ሥራ ኮርቲሶል። ሥራው ሲጎድል አለቃው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ሥራው ሲትረፈረፍ ዝም ይላል። ከፒቱታሪ በላይ ደግሞ ሃይፖታላመስ የሚባል የአንጎል ክፍል አለ፤ እሱም በፊናው ሲአርኤች በሚባል ሆርሞን ፒቱታሪን ያዛል። አለቃ የሌለው አለቃ የለም።

ሐኪሜ ይህን ምርመራ ለምን አዘዘልኝ?

ከሁለት አንዱን ጠርጥሮ ይሆናል። ወይ ኮርቲሶል አንሷል፣ ወይ በዝቷል።

ኮርቲሶል ሲያንስ የማይለቅ ድካም፣ ክብደት መቀነስ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ከተቀመጡበት ሲነሱ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የሆድ ሕመም ይመጣሉ። ችግሩ ያለው አድሬናል ዕጢው ራሱ ላይ ከሆነ ጨው ጨው ማሰኘትም ሊኖር ይችላል። አስቸጋሪው ነገር እነዚህ ምልክቶች የሌላ የብዙ በሽታ ምልክቶችም መሆናቸው ነው። ለጨጓራ ወይም ለጭንቀት ሲታከሙ ከርመው በስተመጨረሻ ችግሩ አድሬናል ሆኖ የሚገኝባቸው ሰዎች አሉ።

ኮርቲሶል ሲበዛ መልኩ ሌላ ነው። ፊት ይከብባል። ሆድ ይገፋል፤ እጅና እግር ግን ይቀጥናል። ቆዳ ይሳሳል፣ በትንሽ ግጭት ይበልዛል። ሆድና ጭን ላይ ሰፋፊ ሸንተረሮች ይወጣሉ። ደረጃ መውጣት ወይም ከወንበር መነሳት ይከብዳል፤ ምክንያቱም የጭን ጡንቻ ይደክማል። በወጣትነት የሚመጣ የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የአጥንት መሳሳትም ሐኪሙን ወደዚህ አቅጣጫ ሊመራው ይችላል።

ኮርቲሶልም አብሮ የታዘዘው ለምንድን ነው? አንዱ አይበቃም?

አይበቃም። ኮርቲሶል ብቻውን ሲለካ መጠኑ መጉደሉን ወይም መትረፉን ይነግረናል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን አይነግረንም። ዕጢው ነው የታመመው ወይስ ትእዛዙ ነው ያልመጣው? ይህን የሚለየው ኤሲቲኤች ነው።

ኤሲቲኤች ብቻውን ሲለካ ደግሞ የባሰ ነው። 45 የሚል ቁጥር ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ምንም አልያዘም ማለት ይቻላል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ መርፌ የተቀዱ መሆን አለባቸው። ኮርቲሶል ሰኞ፣ ኤሲቲኤች ሐሙስ ከተለኩ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር አይቻልም።

ለምን በጠዋት ይቀዳል?

ሁለቱም ሆርሞኖች በሰዓት ይወጣሉ ይወርዳሉ። ሌሊት ወደ ንጋት ሲቃረብ መጨመር ይጀምራሉ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ከፍተኛ ይሆናሉ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ እየቀነሱ ሄደው እኩለ ሌሊት ገደማ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይደርሳሉ። የላብራቶሪዎች የመደበኛ መጠን ክልል አብዛኛውን ጊዜ ለጠዋት የተሠራ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የተቀዳ ደም ከጠዋት ክልል ጋር ሲነጻጸር ያለ ጥፋቱ ዝቅተኛ ይመስላል።

ሌሊት እየሠሩ ቀን የሚተኙ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ መንገር አይርሱ። የሰውነት ሰዓት ከእንቅልፍ ጋር ነው የሚሄደው። ለእርስዎ «ጠዋት» ማለት ከእንቅልፍ የሚነሱበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። በቅርቡ ረጅም የአውሮፕላን ጉዞ አድርገው የሰዓት ልዩነት ያለበት አገር ከገቡም እንዲሁ።

መጾም አለብኝ?

አንዳንድ ላብራቶሪዎች ባዶ ሆድ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዶቹ አይጠይቁም። የተባሉትን ያድርጉ። ከምግቡ ይልቅ ሩጫውና ጭንቀቱ ያሳስባል። ደረጃ በሩጫ ወጥቶ፣ ከወረፋ ጋር ተጣልቶ፣ እያለከለኩ ክንድ መስጠት ሁለቱንም ሆርሞኖች ከፍ ሊያደርጋቸው ይችላል። ቀደም ብለው ደርሰው ትንሽ ተቀምጠው ይረፉ። ትኩሳት ወይም ሌላ ድንገተኛ ሕመም ካለብዎትም ይንገሩ፤ አጣዳፊ ካልሆነ ምርመራው ለሌላ ቀን ሊዛወር ይችላል።

ደሜን የቀዳችው ባለሙያ ቱቦውን በረዶ ውስጥ ከተተችው። ለምን?

ጎበዝ ባለሙያ ስለሆነች። ኤሲቲኤች ስስ ሆርሞን ነው። ደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች በፍጥነት ይሰባብሩታል። ሰውነት ውስጥ እንኳ ግማሹ የሚጠፋው በደቂቃዎች ነው። ደሙ ተቀድቶ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ማሽኑ ጋ ሲደርስ የሚገኘው የተረፈው ብቻ ነው።

በደንቡ መሠረት ከሆነ ደሙ የሚቀዳው ኢዲቲኤ የተባለ ፀረ-መርጋት ባለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ ሐምራዊ በሆነ፣ አስቀድሞ በቀዘቀዘ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ፕላስቲክ የሚመረጠው ሆርሞኑ መስታወት ላይ ስለሚጣበቅ ነው። ቱቦው ወዲያው በረዶ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በሚያቀዘቅዝ ሴንትሪፊውጅ ይሽከረከርና ፕላዝማው ይለያል። ምርመራው እዚያው ካልተሠራ ፕላዝማው በረዶ ሆኖ ይላካል። ሲቀዳ ቀይ የደም ሴሎች ከተሰባበሩም ናሙናው ይበላሻል፤ ያኔ ሌላ መቅዳት ነው።

ይህን ያህል የምዘረዝረው በምክንያት ነው። በዚህ ምርመራ ላይ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው ደሙ ማሽን ውስጥ ሳይገባ በፊት ነው። ስህተቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል፤ ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትተዋል። ውጤቱ ቀላል አይደለም። ከፍ ማለት የነበረበት ኤሲቲኤች «መደበኛ» ሆኖ ሊታይ ይችላል። ወይም ኮርቲሶል በበዛበት ሰው ላይ ችግሩ ፒቱታሪ ላይ ሆኖ ሳለ የተበላሸው ናሙና ኤሲቲኤች የለም ብሎ ሐኪሙ መነሻውን አድሬናል ላይ እንዲፈልግ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ ከምልክቶችዎ ጋር የማይገጥም ከሆነ «ናሙናው እንዴት ነበር የተያዘው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ለሁለተኛ ጊዜ መቀዳትም ብርቅ አይደለም።

የምወስደው መድኃኒት ውጤቱን ይቀይረዋል?

አዎ፣ በጣም። ዋናዎቹ ስቴሮይዶች ናቸው፦ ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታሶን፣ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ቤታሜታሶን እና ዘመዶቻቸው። እነዚህ የኮርቲሶልን ሥራ ይሠራሉ። ፒቱታሪ ከውጭ የመጣና ከውስጥ የተሠራ ብላ አትለይም። በቂ ነው ብላ ኤሲቲኤች መላክ ታቆማለች። ትእዛዝ ያጡት አድሬናሎች ደግሞ በጊዜ ብዛት ይሰንፋሉ፣ ይሟሽሻሉም።

ሰው «ስቴሮይድ ትወስዳለህ?» ሲባል የሚያስበው ስለ ክኒን ብቻ ነው። የሚከተሉትም ግን ይቆጠራሉ፦ ለአስም የሚሳብ መድኃኒት፣ ጉልበት ወይም ትከሻ ውስጥ የተወጋ መርፌ፣ ለአለርጂ አፍንጫ የሚነፋ፣ ለሽፍታ የሚቀባ ክሬም። ቆዳ ለማቅላት የሚሸጡ አንዳንድ ቅባቶች ውስጥም ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ ይገኛል፤ ሻጩ ይህን ላይነግርዎት ይችላል። ለመገጣጠሚያ ሕመም «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» ተብለው የሚሸጡ፣ በአንድ ቀን የሚያድኑ የሚመስሉ ክኒኖችም እንዲሁ አጠራጣሪ ናቸው። ፊቱ ከብቦ፣ ሸንተረር አውጥቶ የመጣ ሰው ኮርቲሶሉም ኤሲቲኤቹም ዝቅ ካሉ ልምድ ያለው ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን ትቀባለህ? ምን ትውጣለህ?» ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። አንዳንድ መድኃኒቶች የስቴሮይድን ጉልበት ያባዛሉ። ለኤችአይቪ የሚሰጠው ሪቶናቪር እና ለፈንገስ የሚሰጠው ኢትራኮናዞል ከሚሳብ ፍሉቲካሶን ጋር ሲገናኙ ትንሿ መጠን እንደ ትልቅ መጠን ልትሠራ ትችላለች።

ሌሎችም አሉ። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ኮርቲሶልን የሚሸከመውን ፕሮቲን ስለሚጨምር ጠቅላላ ኮርቲሶሉ ከፍ ብሎ ይለካል፤ እርግዝናም ከፍ ያደርገዋል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ በብዛት የሚወሰደው ባዮቲን አንዳንድ የመለኪያ ዘዴዎችን ያሳስታል። ከባድ የሕመም ማስታገሻዎች፣ በተለይ የሞርፊን ዘመዶች፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ኤሲቲኤችን ያፍናሉ።

ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ ግን አደገኛ ስህተት እንዳይሠሩ። ለምርመራው ብለው ስቴሮይድዎን በራስዎ አያቁሙ። ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል መሥራት ትቶ ከሆነ በድንገት ማቆም ሕይወት ያሳጣል። መቼ፣ ስንት ሰዓት ቀድሞ፣ የትኛው ተቀይሮ እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ኖርማሉ ስንት ነው?

ላብራቶሪው ውጤቱ ላይ የጻፈውን ክልል ይያዙ፤ ዘዴና ማሽን ሲለያይ ክልሉም ይለያያል። ለግምት ያህል የጠዋት ኤሲቲኤች ብዙ ቦታ ከ10 እስከ 60 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የጠዋት ኮርቲሶል ደግሞ ከ5 እስከ 25 ማይክሮግራም በዴሲ ሊትር አካባቢ ይሆናል።

መለኪያውንም ይዩ። ኮርቲሶል በናኖሞል በሊትር ከተጻፈ ቁጥሩ በ28 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ 10 ማይክሮግራም 276 ናኖሞል መሆኑ ነው። ኤሲቲኤች በፒኮሞል ከተጻፈ ደግሞ ያንሳል፤ 50 ፒኮግራም 11 ፒኮሞል ነው። ከሁለት ላብራቶሪ የመጡ ውጤቶችን አይቶ «በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰማይ ነካ!» ብሎ መደንገጥ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ኤሲቲኤች ከፍ፣ ኮርቲሶል ዝቅ ብሏል። ምን ማለት ነው?

ከሁሉም ይልቅ ግልጽ የሆነው ጥምረት ይህ ነው። አለቃው እየጮኸ ነው፣ ሠራተኛው ግን መሥራት አልቻለም። ችግሩ አድሬናል ዕጢው ራሱ ላይ ነው። የአዲሰን ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ስሙን ያገኘው በ1855 (እ.ኤ.አ.) ሕመሙን ከነምልክቱ ከጻፈው የለንደን ሐኪም ከቶማስ አዲሰን ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ኤፍ ኬኔዲም ይህ ሕመም ነበረባቸው።

የጠዋት ኮርቲሶል ከ5 ማይክሮግራም በታች ሆኖ ኤሲቲኤች የላይኛውን ወሰን ከሁለት እጥፍ በላይ ካለፈ ጥርጣሬው በጣም ይጠነክራል። በሽታው ሥር በሰደደባቸው ሰዎች ላይ ኤሲቲኤች በመቶዎች የሚቆጠር ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

መነሻው ብዙ ነው። ባደጉት አገሮች ዋናው ምክንያት የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ዕጢ ማጥቃቱ ነው። አዲሰን በጻፈበት ዘመን ግን ዋናው ቲቢ ነበር፤ ቲቢ በሚበዛበት ሁሉ ዛሬም ሊታሰብ ይገባዋል። የፈንገስ ኢንፌክሽን፣ ዕጢው ውስጥ የደም መፍሰስ እና ከሌላ አካል የተሰራጨ ካንሰርም ይጠቀሳሉ።

የቆዳ መጥቆር የዚህ ጥምረት መለያ ነው። ኤሲቲኤች የሚሠራው ከትልቅ እናት ፕሮቲን ተቆርጦ ነው፤ ከዚያው ፕሮቲን የቆዳን ቀለም የሚያነቃቃ ሆርሞንም ይወጣል። ኤሲቲኤች ራሱም ሲበዛ የቆዳን ቀለም ሴሎች ያነቃቃል። መማሪያ መጻሕፍት ላይ ያሉት ፎቶዎች አብዛኞቹ ነጭ ቆዳ ላይ የተነሡ በመሆናቸው ጥቁር ቆዳ ላይ ለውጡ በቀላሉ ይታለፋል። ቦታዎቹን ማወቅ ይጠቅማል፦ ድድ፣ የከንፈርና የጉንጭ ውስጠኛ ክፍል፣ የመዳፍ መስመሮች፣ የጣት አንጓዎች፣ በቅርብ የዳነ የቁስል ጠባሳ። የቤተሰብ ሰው «ጠቆርክ እኮ፣ ምን ሆነህ ነው?» ሲል እንደ ቀልድ አይታለፍ።

ደም ውስጥ ሶዲየም ማነስና ፖታሲየም መብዛትም አብረው ይታያሉ። የታመመው ዕጢ ጨውን የሚቆጣጠረውን አልዶስቴሮንንም ስለሚያጣ ነው።

ሁለቱም ዝቅ ካሉስ?

ዕጢው ደህና ሆኖ ትእዛዙ አልመጣለትም ማለት ነው። ችግሩ ከላይ፣ ፒቱታሪ ወይም ሃይፖታላመስ ላይ ነው። ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት ግን እዚያ የተፈጠረ በሽታ ሳይሆን ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ ነው። ከዚያ ውጭ የፒቱታሪ እብጠት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር፣ የጭንቅላት ጉዳት ሊሆን ይችላል። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት፣ ከዚያ በኋላ ጡቷ ወተት ካጣና የወር አበባዋ ካልተመለሰ፣ ፒቱታሪዋ ተጎድታ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ቆዳ አይጠቁርም፤ ኤሲቲኤች የለማ። ፖታሲየምም አይጨምርም፤ አልዶስቴሮን በዋናነት የሚታዘዘው በኤሲቲኤች ሳይሆን ከኩላሊት በሚመጣው ሬኒን በሚጀምር ሌላ ሰንሰለት ነው።

ኮርቲሶሌ ከፍ ብሏል። ኤሲቲኤች ምን ይጨምራል?

በመጀመሪያ ኮርቲሶሉ በእውነት መብዛቱ መረጋገጥ አለበት። አንድ የጠዋት ልኬት ለዚህ አይበቃም። የሚያረጋግጡት እነዚህ ናቸው፦ እኩለ ሌሊት አካባቢ የሚወሰድ የምራቅ ኮርቲሶል፣ የ24 ሰዓት ሽንት፣ ወይም ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ 1 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን ተውጦ በማግስቱ ጠዋት የሚለካ ኮርቲሶል። በመጨረሻው ምርመራ ጤነኛ ሰው ከ1.8 ማይክሮግራም በታች ይወርዳል። ከባድ ድብርት፣ ብዙ አልኮል መጠጣትና ከልክ ያለፈ ውፍረትም ኮርቲሶልን ሊጨምሩ ስለሚችሉ ጥድፊያ አያስፈልግም።

መብዛቱ ከተረጋገጠ በኋላ ኤሲቲኤች መንገዱን ለሁለት ይከፍለዋል። ከ5 ወይም ከ10 ፒኮግራም በታች ከሆነ አድሬናል ራሱ ያለ ትእዛዝ እያመረተ ነው፤ ቀጣዩ የአድሬናል ሲቲ ስካን ነው። ከ20 በላይ ከሆነ ኤሲቲኤች እየተላከ ነው። ብዙ ጊዜ ላኪው ፒቱታሪ ላይ ያለ ትንሽ፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ነው፤ ከውስጥ ከሚመነጨው የኮርቲሶል መብዛት ከ10 ታማሚዎች 7 ያህሉ እዚህ ይወድቃሉ። አልፎ አልፎ ግን ሳንባ ወይም ሌላ ቦታ ያለ እብጠት ነው። በመሃል፣ ከ10 እስከ 20 የሚወድቀው ግራ ያጋባል፤ ይደገማል ወይም ሌላ ምርመራ ይጨመራል።

ፎቶ መነሳት ከሆርሞኑ ምርመራ መቅደም የለበትም። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ኤምአርአይ ቢነሳ ፒቱታሪው ላይ ምንም ጉዳት የሌላት ትንሽ እብጠት ይገኝበታል። አድሬናል ላይም፣ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ፣ ሆርሞን የማታመርት እብጠት መገኘቷ የተለመደ ነው። ፎቶውን ያስቀደመ ሰው ያልታመመውን ሊያስቆርጥ ይችላል። ኤምአርአይ በግልጽ ካላሳየ ደግሞ ከፒቱታሪ ከሚወርዱት ደም ሥሮች በቀጥታ ደም ተቀድቶ ኤሲቲኤች የሚለካበት፣ ልዩ ማዕከል የሚጠይቅ ምርመራ አለ።

ኤሲቲኤቼ መደበኛ ነው ተባለ። እንግዲያው ደህና ነኝ?

የግድ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮርቲሶል 2 ሆኖ ኤሲቲኤች 20 ቢመጣ ወረቀቱ ላይ ከኤሲቲኤቹ ጎን ምንም ምልክት አይኖርም። ኮርቲሶል እንዲህ ሲጎድል ግን ጤነኛ ፒቱታሪ ከ20 በጣም የበለጠ መላክ ነበረባት። ያ «መደበኛ» ቁጥር ፒቱታሪ መታመሟን ሊናገር ይችላል። በተቃራኒውም ኮርቲሶል በጣም በዝቶ ኤሲቲኤች 30 ከሆነ መደበኛ አይባልም፤ መጥፋት ነበረበት።

«የማነቃቂያ ምርመራ» የተባለውስ?

የጠዋቱ ኮርቲሶል ከ3 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ጉድለቱ በጣም ይታመናል። ከ15 እስከ 18 በላይ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥርጣሬው ይነሳል። በመካከል ያለው ይፈተናል። 250 ማይክሮግራም ሰው ሠራሽ ኤሲቲኤች በመርፌ ይሰጥና ከመርፌው በፊት፣ ከ30 እና ከ60 ደቂቃ በኋላ ኮርቲሶል ይለካል። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ወሰን 18 ማይክሮግራም ነው፤ አዳዲስ የመለኪያ ዘዴዎች ዝቅ ያለ ወሰን ይጠቀማሉ። አንድ ጉድለት አለው። ፒቱታሪ ከተጎዳች ሳምንታት ብቻ ከሆነ አድሬናሎቹ ገና ስላልሟሸሹ ፈተናውን ሊያልፉ ይችላሉ።

ሕፃን ልጄ ለምን ተመረመረ?

አንዳንድ ልጆች ኮርቲሶል ለመሥራት የሚያስፈልገው ኢንዛይም ጎድሏቸው ይወለዳሉ። ኮርቲሶል ሲጠፋ ኤሲቲኤች ይጨምራል፣ ዕጢው ያድጋል፣ ጥሬ ዕቃው ደግሞ ወደ ወንድ ሆርሞን ይዞራል። ሴት ሕፃን የብልቷ ቅርጽ ለመለየት ሊያስቸግር ይችላል። ወንዱ ግን ጤነኛ መስሎ በተወለደ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት በማስመለስና በፈሳሽ ማጣት ሊወድቅ ይችላል። እዚህ ላይ ዋናው ምርመራ ኤሲቲኤች ሳይሆን 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን ነው።

ሁልጊዜ ይደክመኛል። «አድሬናልህ ደክሟል» ተባልኩ፤ ልመርመር?

«የአድሬናል ድካም» በሆርሞን ሐኪሞች ዘንድ እንደ በሽታ ተቀባይነት የለውም። ድካሙ ግን እውነት ነው፤ ደም ማነስ፣ ታይሮይድ፣ እንቅልፍ፣ ድብርት መታየት አለባቸው። «አድሬናል ማጠናከሪያ» ተብለው ከሚሸጡት ራቅ ይበሉ። አንዳንዶቹ የእንስሳት ዕጢ ወይም ስቴሮይድ ይኖርባቸዋል፤ ያልነበረውን ችግር ይፈጥራሉ።

ይህ ምርመራ ሁሉንም የአድሬናል ችግር ያሳያል?

አያሳይም። ለአልዶስቴሮን መብዛት የአልዶስቴሮንና የሬኒን ንጽጽር፣ አድሬናሊን ለሚረጭ እብጠት ደግሞ ሜታኔፍሪን የሚባል ምርመራ ይታዘዛል። በድንገት እየመጣ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን ያለበት ሰው የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው።

ውጤቱ ሳይመጣ ቢብስብኝስ?

ማስመለስ ካላቆመ፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ግፊትዎ ከወረደ ወይም ግራ መጋባት ከጀመሩ ወረቀት አይጠብቁ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የአድሬናል ጉድለት እንደሚጠረጠርብዎት ወይም ስቴሮይድ ይወስዱ እንደነበር ገና ሲገቡ ይናገሩ። ለአዋቂ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን በመርፌ እና በደም ሥር የሚገባ የጨው ፈሳሽ ወዲያው ይሰጣል። ለኤሲቲኤችና ለኮርቲሶል የሚሆን ደም ከመርፌው በፊት ቢቀዳ ጥሩ ነው። ግን ደም ለመቅዳት ተብሎ ሕክምናው አይዘገይም።

ለአዲሰን ሕክምና ጀምሬያለሁ፤ ኤሲቲኤቼ ግን አሁንም ከፍ ያለ ነው። መድኃኒቱ አልበቃኝም?

ላይሆን ይችላል። ሃይድሮኮርቲሶን ሰውነት ውስጥ የሚቆየው ለሰዓታት ብቻ ነው። ጠዋት ክኒኑ ሳይዋጥ ደም ከተቀዳ ሌሊቱን ኮርቲሶል ያልነበረው ሰውነት ኤሲቲኤቹን ወደ ላይ ሰቅሎት ይገኛል። በቂ መጠን እየወሰዱ ከመደበኛው በላይ የሚቆይባቸው ብዙዎች ናቸው። ቁጥሩን መደበኛ ለማድረግ ብቻ ክኒን ከተጨመረ ክብደት፣ ስኳርና የአጥንት መሳሳት ይከተላሉ። ለዚህ ነው ሐኪሞች የመድኃኒቱን ልክ የሚወስኑት በዋናነት በክብደትዎ፣ በደም ግፊትዎ፣ በጉልበትዎና በሚሰማዎት ስሜት የሚሆነው። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ኤሲቲኤች ሳይታዘዝልዎት ቢቀር ተረስቶ አይደለም።